ለላሚቱ የተደረገ ዱዓ

ዕድሜዬን የጨረስኩት ክንዴን እስከ ትከሻዬ ላም ውስጥ ከትቼ ነው። የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። በምኖርባት መካነ ሰላም ከተማ ግን ይህን ረጅም ማዕረግ ለመጥራት ጊዜ ያለው ሰው ስለሌለ "የከብት ሐኪም" ይሉኛል፤ ሊያበሽቁኝ የፈለጉ ደግሞ "የላም አዋላጅ"። ጡረታ ወጣሁ፣ ስሙ ግን አብሮኝ ቀረ። የተገለበጠ ማህፀን መልሻለሁ፣ የተጠማዘዘ ጥጃ አቃንቻለሁ። በከላላ በኩል በበቅሎ ስወርድ ከብቶቹ አይተውኝ ይሸሹ ነበር ብለው ያወሩብኛል። ሐሰት ነው። የሚሸሹት ባለቤቶቹ ነበሩ፣ ከሽታዬ የተነሣ።

ይህ ሁሉ ድፍረት ያለው ሰውዬ የገዛ ልጁ ፊት ተቀምጦ "ማህፀን" ማለት አቃተው።

ልጄ ኬሚስትሪ አስተማሪ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሌላ ሰው የለኝም፤ እሷና ብረት የሚበይደው ባሏ ብቻ። ከልጅነቷ ጀምሮ በየወሩ ሆዷን ይዛ ትጠቀለል ነበር። ሴቶቹ ሁሉ "ስትወልድ ይለቃታል" አሉ። አገባች፤ አልወለደችም፤ አልለቀቃትም። ይባስ ብሎ በዚያ ሰሞን ሽንት ቤት መቀመጥ ራሱ ምጥ ሆነባት። ደሴ ማስታገሻ ሰጧት። በመጨረሻ አዲስ አበባ አንዲት ሴት ሐኪም አግኝታ የበሽታውን ስም ይዛ መጣች፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ። ስሙን ለመልመድ ብቻዬን ጓሮ ውስጥ እየተመላለስኩ ስደጋግመው ውሻዬ የሆነ ነገር እንዳዘዝኩት ቆጥሮ ተነስቶ ቆመ።

አንድ ከሰዓት ቤቴ መጥታ እንደ ተማሪ አስቀምጣ አስረዳችኝ። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ ይበቅላል አለች። እንደ ማህፀኑ ሁሉ በየወሩ ይደማል፤ መውጫ ግን የለውም። እዚያው እየቆሰለ፣ እየጠገገ፣ እየጠነከረ ይሄዳል። የእሷ ደግሞ ጥልቅ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ማህፀኗን ከትልቁ አንጀት ጋር አጣብቆታል። እንክብሉን ሞክራለች፣ መርፌውን ሞክራለች። አሁን ከባሏ ጋር ተማክራ ወስናለች። ማህፀኑ ይወጣል፤ አንጀቱ ላይ ሥር የሰደደውም አብሮ ተልጦ ይነሳል፤ ማህፀኑን ብቻ አውጥቶ ያንን መተው ሕመሙን ቤቱ ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው።

ዝም ብዬ መስማት ሲገባኝ ሙያዬ አላስቀምጥ አለኝ። የላም ማህፀን ሁለት ቀንድ አለው፤ የሴት ግን የለውም። ይህን ረስቼ ጉሮሮዬን ጠራርጌ "ቀንዶቹም ተይዘዋል ወይ?" አልኳት።

"አባዬ" አለች፣ "እኔ ላም አይደለሁም።"

ከዚያ ሳቀች፤ እየሳቀች ሆዷን ያዘች። እኔ ወለሉን አየሁ።

ሆዷን አይከፍቱትም፤ በላፓሮስኮፒ ነው አለች። ትንንሽ ቀዳዳ በስተው፣ ሆዱን በጋዝ ነፍተው፣ ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብተው በቴሌቪዥን እያዩ ይሠራሉ። መብሻው ምን ይባላል ብላት ትሮካር አለችኝ። ከወንበሬ ተነሳሁ። ትሮካርን እኔ አውቀዋለሁ፤ እርጥብ ሣር በልታ የተነፋች ላም ስትንፈራፈር ጎኗን የምበሳው በእሱ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጋዝ ሳስወጣ ኖሬ እነሱ ያስገባሉ። የእኔው ትሮካር የአውራ ጣት ያህል ውፍረት ያለው፣ በጉልበት የሚገባ ነበር። ያ ነገር ወደ ልጄ ሆድ ሲሄድ ታየኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መቀመጥ አልቻልኩም። ስቆም ልቀመጥ እላለሁ፤ ስቀመጥ የሆነ ቦታ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስለኛል።

የሚያስፈራው ሌላ ነበር፤ እሷም አልደበቀችኝም። አንጀቱ ላይ ያለው ሲላጥ አንጀቱ ሊበሳ ይችላል። ከተበሳ ይሰፋል። ስፌቱ የማያስተማምን ከሆነ ለጥቂት ወራት ዓይነ ምድሯ በሆዷ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወጣ ይደረጋል። በቀዳዳው ካልተቻለም ሆዷ ይከፈታል።

አብሬያት ልሂድ ብል አልፈቀደችም። እርስዎ ለሐኪሞቹ ትምህርት መስጠት ይጀምራሉ ብላ ነው፤ ደግሞም አልተሳሳተችም። ባሏ አብሯት ይሄዳል፤ እኔ ቤቷን እጠብቃለሁ። ሐምሌ ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ለክረምት ሥልጠና ሄዳለች እላለሁ። ለምን ብላት እንዲህ አለች፦

"ሳትወልድ ማህፀኗን አስወጣች ብለው መጀመሪያ ለእኔ ያለቅሱልኛል፣ ከዚያ ለባሌ ሌላ ሴት ይፈልጉለታል። ስመለስ እኔው በአፌ እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ አፍዎን ይያዙልኝ።"

አፌን። ለዚህ ቤተሰብ ከተሰጡት ሥራዎች ሁሉ ከባዱ ለእኔ ደረሰ።

በጭቃው መንገድ በአቀስታ ከተማ በኩል አድርገው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ቀኑ ሲቀርብ የእኔ ዕረፍት ማጣት ባሰ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቆምኩ፤ ጸሎቱ ሳያልቅ ወጣሁ። ደግሞ ተመለስኩ። ብቻዬን የምጸልየው አላጠግብ አለኝ፤ የሰው አሚን ፈለግሁ።

ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤት አለችኝ፤ በርበሬና ቅመም የምትነግድ ባልቴት ናት። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን። ሐሙስ ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ ቤቷ ወዳጃ የሚባለው የጋራ ልመና ይቀመጣል። ሼህዬው ይመራሉ፣ ጫቱ ይቀርባል፣ የቸገረው ሁሉ ገብቶ ዱዓ ያስደርጋል። ክርስቲያን ነህ እስላም ነህ የሚል የለም፤ ዝናብ ሲጠፋ አብረን ለምነናል። አንድ ሕግ ብቻ አለ። የሚያስለምን ሰው ጉዳዩን በአፉ መናገር አለበት፤ አሚን ባዩ ምን ላይ አሚን እንደሚል ይወቅ።

ቀዶ ሕክምናው ዓርብ ጠዋት ነው። ሐሙስ ከሰዓት ገብቼ ከበሩ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ተራዬ ሲደርስ ሼህዬው ምን ብለን እንለምንልዎ አሉኝ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረም። አፌ በራሱ ተከፈተ።

"ላሜ ታማብኛለች።"

ቤቱ ውስጥ ሳቅ በጉሮሮ ተዋጠ። የከብት ሐኪም ለገዛ ላሙ ዱዓ ሲለምን ማን አይቶ ያውቃል። ሼህዬው ግን አልሳቁም፤ ሕመሟ ምንድን ነው አሉ። እዚህ ላይ "ሳል ነው" ብዬ ብገላገል ምን ነበረበት? ግን ፈጣሪን የማይሆን ነገር አስለምኜ ትክክለኛው ቢቀርብኝስ ብዬ ፈራሁ።

"ማህፀኗ ከአንጀቷ ተጣብቋል" አልኩ። ቃሉ እንደ ልቡ ወጣልኝ፤ ለላም ሲሆን አይከብደኝም። "ነገ ነው የሚላቀቀው። አንጀቷ እንዳይበሳ ለምኑልኝ።"

"የሚያላቅቁት እርስዎ ነዎት?"

"እኔማ የት ችዬ። ሐኪም አለቻት።"

"የት ያለ ሐኪም?"

"አዲስ አበባ" አልኩ።

አዲስ አበባ ሐኪም ያላት የመካነ ሰላም ላም። አንዱ ጎረምሳ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ጎረቤቴ ቀና ሳትል የውኃውን ኩባያ እጁ ላይ አስቀመጠችለት፤ ጠጣና ጥያቄውን አብሮ ዋጠው። ሼህዬው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም ዘረጋን።

"ያ ረቢ፣ የታመመች ፍጥረትህ አለች፤ የት እንዳለች አንተ ታውቃለህ። ነገ የሚነካትን እጅ አቅና። አንጀቷን አንተው ያዝላት። ስለ እሷ እንቅልፍ ላጣውም ዕረፍት ስጠው።"

ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ አሚን ያልኩት እኔ ነበርኩ። በስመ አብ ልል እጄ ግንባሬ ላይ ደርሶ ነው የመለስኩት። ተነስቼ ወጣሁና፣ ይህን ሁሉ ሰው እንዴት አድርጌ አታለልኩት ብዬ በራሴ እየተገረምኩ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ልጄ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሳትገባ አይቀርም በምለው ሰዓት፣ በሬ ተንኳኳ። ሉካንዳ ቤት ያለው ሰውዬ ነው። ካፖርቱን እንደ ለበሰ በቀጥታ ወደ ጓሮ አለፈ፤ ላሜ በረንዳው ሥር ቆማ በሰላም ታመነዥካለች። ጎኗን ዳበሰ፣ ጅራቷን ያዝ ለቀቅ አደረገ።

"ሳትሞት ስጡኝ እንጂ አያ ሐኪም፤ ከሞተች በኋላ ለሁለታችንም አትሆንም።"

አትሞትም አልኩት። እሱም የምታመነዥክ ላም እንደማትሞት አውቃለሁ፣ ግን ከተማው ሁሉ ዛሬ ትሞታለች እያለ ነው አለኝ። ሕመሟ ከውስጥ ነው፣ አይታይም ብዬ ልከራከር ስል ድምፄ ተሰበረብኝ። ሉካንዳው ደንግጦ አየኝ። ሰው ላም ቢወድም እንዲህ አይወድም ሳይል አይቀርም። ካፖርቱን ሰብስቦ አብሽሩ ብሎኝ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን በእግሬ ነው የጨረስኩት። ስልኩ አንድ ጊዜ ኔትወርክ ያሳያል፣ አንድ ጊዜ ያጠፋል። ጃንጥላዬን ይዤ መነኸሪያ ወረድኩ፤ የምቀበለው ሰው የለኝም። ተመልሼ በአማቼ የብየዳ ሱቅ በር አለፍኩ፤ ቆርቆሮው በር ተቆልፏል፣ ያላለቀ የመስኮት ፍርግርግ ውጭ ዝናብ ይመታዋል። ልሸፍነው ብዬ ላስቲክ ፈልጌ አመጣሁ፤ ሸፍኜ ስጨርስ ነፋሱ ወሰደው፤ ላስቲኩን ሳባርር ጃንጥላዬ ተገለበጠ። ያየ ሁሉ ላሚቱ እንዴት አደረች ይለኛል። ደህና ናት እላለሁ። አንዷማ ልጅዎ በሥልጠና ላይ ሆና ይህ ሲደርስብዎ ብላ አዘነችልኝ። ምስኪን አባት፣ ልጁ በሌለችበት ላሙ የታመመችበት።

ኔትወርክ ከከተማው ወጣ ብሎ ጉብታው ላይ ይሻላል ሲሉ ሰምቼ ወደዚያ ወጣሁ። ጭጋጉ ወደ አባይ የሚወርደውን ገደል ሞልቶታል። ሦስት ሰዓት ይፈጃል ያሉት ሥራ ቀኑ ሲያጋድል አላለቀም። ሆዷ ተከፍቶ ይሆን? እጄን አየሁት። ስንት ማህፀን የነካ እጅ ነው፤ ዛሬ ስልክ ከመያዝ በቀር ለአንድም ነገር አልረባም።

ሲደወል ሊወድቅብኝ ነበር። አማቼ ቃል ቆጥቦ የሚናገር ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረው።

"ወጥታለች አባባ። በቀዳዳው ነው የጨረሱት፣ ሆዷ አልተከፈተም። ማህፀኑ ወጥቷል። አንጀቱ ከሌላው ሁሉ የባሰ ተጣብቆ ስለነበር ነው የቆዩት፤ ሲያላቅቁት ትንሽ ቦታ ተበስቶ ሰፍተውታል። ከረጢት አላስፈለገም፤ እስካሁን።"

እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ከጉብታው ስወርድ ግን ያቺ "እስካሁን" ጫማዬ ውስጥ እንደ ገባች ጠጠር ሆነች። የተሰፋ አንጀት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ወይ ይይዛል ወይ ያፈሳል። መያዙን የሚነግርህ ደግሞ የመጀመሪያው ነገር ጋዝ ነው፤ አንጀቱ ተነስቶ ሥራ ሲጀምር ጋዝ ይወጣል። በማግስቱ ደውዬ ከሰላምታው ቀድሜ አማቼን ጠየቅሁት።

"ፈስታለች?"

በአማትና በአማች መካከል በወሎ ቦረና ምድር እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ የሚያውቅ አይመስለኝም። እሱ ግን በጣም በትሕትና፣ "ገና ናት አባባ" አለኝ። ከሰዓት ደወልኩ፤ ገና። በነጋታውም ገና። ሆዷ ተነፍቷል፣ ሐኪሟም ትኩሳት እንዳይመጣ እየተጠባበቀች ነው። እኔ ጓሮውን ስዞር ጭቃው መንገድ አበጀ።

በዚያ ቀን አመሻሽ ስልኩን ለእሷ ስጥልኝ አልኩት። ድምፅዋ የደከመ ነበር። ላጽናናት ፈለግሁ። ሲጨንቀኝ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራሴን ማዋረድ። ስለዚህ ነገርኳት፤ ወዳጃውን፣ ላሚቱን፣ አዲስ አበባ ያለችውን ሐኪም፣ ካፖርት ለብሶ ጅራት የያዘውን ሉካንዳ።

"አባዬ ይተዉኝ" አለች፤ "ስፌቱ ያመኛል።" ግን መሳቋን አላቆመችም። "ላም አደረጉኝ?" አለችና እንደገና ጀመራት። ከዚያ "ኡህ" የሚል ድምፅ ሰማሁና ስልኩ ተዘጋ።

የገደልኳት መሰለኝ። መልሼ ደወልኩ፤ አይነሳም። ስንት ጊዜ እንደደወልኩ አላውቅም። በመጨረሻ አማቼ ራሱ ደወለ፤ ያ ዝምተኛ ሰውዬ በድምፁ ውስጥ ሳቅ ይዞ፦

"አባባ፣ ወጣ።"

በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ስለ አንዲት ፈስ ያለቀሰ ሽማግሌ በወሎ ታሪክ የመጀመሪያው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ከዚያ ወዲህ ማንም ሐኪም ፊት ልጄን ያዳንኳት እኔ ነኝ ብዬ እከራከራለሁ።

ከሐኪሟ አጠገብ ሰንብተው፣ ስፌቱ መጠንከሩ ከታየ በኋላ ዝናቡ ሲያባራ መጡ። ሆዷ ላይ የቀረው የጣት ጥፍር የሚያህሉ አራት ምልክቶች ናቸው ብላኝ ማመን አቃተኝ፤ የእኔ ትሮካር እኮ የሚተወው ጠባሳ ከሩቅ ይታያል። ደስ ያላት መስሎኝ ነበር። አማቼ ግን ለብቻዬ ነገረኝ፤ አዲስ አበባ ሆና አላለቀሰችም፣ ደሴ ሲያድሩም አላለቀሰችም። ከአቀስታ ወዲህ ሚኒባሱ ሲሞላ አንዲት እናት ሁለተኛውን ልጇን ለመያዝ ስትል ሕፃኑን እንደ ልማዱ ከጎኗ ላለችው ሴት አቀበለች። ከጎኗ ያለችው ልጄ ነበረች። እሱ ከባድ አትያዢ ተብለሻል ብሎ ሊቀበላት ቢል አልሰጠችውም። መካነ ሰላም እስኪገቡ ሕፃኑ ጭኗ ላይ ተኝቶ እሷ ወደ መስኮቱ ዞራ ታለቅስ ነበር። እናትየዋም አልጠየቀቻት።

በማግስቱ ጎረቤቴ ልትጠይቃት መጣች። ሥልጠናው እንዴት ነበር አለች፣ ፊቷ ላይ አንዲት ጅማት ሳትንቀሳቀስ። እኔ ተነስቼ ልወጣ ስል ልጄ ይቀመጡ አለችኝ። ከዚያ ክፍል ውስጥ እንደምታስተምረው ባለ ድምፅ ተናገረችው።

"ሥልጠና አልነበርኩም። ታምሜ ነው የሄድኩት። ማህፀኔን አስወጥቼ መጣሁ። ከእንግዲህ አልወልድም።"

ቃሉ በእኔ ቤት፣ በእኔ ፊት፣ ሳይንሾካሾክ ተባለ፤ ጣሪያውም አልወደቀም። ጎረቤቴ እጇን ይዛ አልሐምዱሊላህ፣ ነፍስሽ ተርፋለች አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"እኛማ ያኔውኑ አውቀናል አያ ሐኪም። ሼህዬውም አውቀዋል። ግን የነገሩ ባለቤት ራሷ ሳትነግረን ማወቅ ነውር ነው ብለን ላሚቱን ስንጠይቅዎ ከረምን።"

እኔ ነኝ ከተማውን ያታለልኩት።

ሁሉም እንዲህ ጨዋ አልሆነም። ባሏ ሌላ ያገባል ያሉ ነበሩ፤ እሱ ግን ሱቁን ከፍቶ ዝናብ የበላውን ፍርግርግ መፋቅ ያዘ። ያለቀሱላትም ነበሩ፤ እሷ ሻይ እያቀረበች አስጨርሳ ሸኘቻቸው። ትምህርት ተከፈተ፣ ሄደች። እኔ ግን አላመንኩም። ሐኪሟ ከውስጥ የቀረ ካለ ሊመለስ ይችላል ብላት እንደነበር አውቃለሁ፤ ስትጠቀለል የምትውልበትን የወሩን ሰሞን ደግሞ ከእሷ እኩል ለምጄዋለሁ።

ጥቅምት ላይ ያ ሰሞን ሲደርስ ቁርሴን ቆሜ በላሁና ትምህርት ቤቱ አጥር ደረስኩ። የእሷ ክፍል በመንገዱ በኩል ነው። ድምፅዋ ይሰማል፤ ስለ አሲድ ታወራለች። ድምፅዋ ሲቋረጥ አጥሩን እይዛለሁ፣ ሲቀጥል እለቀዋለሁ። ወዲያና ወዲህ ስል ጥበቃው ሁለት ጊዜ አየኝ። ኋላ እሷ ራሷ ጠመኔ እንደያዘች ወጣች።

"አባዬ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

"ነፋስ ልቀበል።"

"ነፋሱ ቤትዎ የለም?"

"እዚህ ይሻላል።"

ፊቷን አጠናሁት። ላብ የለም። ጎንበስ አላለችም፤ እጇም ሆዷ ላይ የለም። የማየውን ስታይ ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አላመመኝም" አለች። "ትናንትም አላመመኝም። አሁን ይሂዱ፣ ልጆቹ እየሳቁብን ነው።"

ገባች። እኔም እሺ ብዬ እስከ መንገዱ ማዶ ሄድኩ፤ ከዚያ የሚሰማ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ቆምኩ። ይሰማል። ደወሉ እስኪደወል ቆሜ አሲድ ተማርኩ፤ አንድም ነገር አልገባኝም።